ለተሳሳተ የሚናገር ድምፅ

ዳግማዊት በሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ለኢትዮጵያውያን ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ሂሳብ ልታስተምር ስትቀጠር፣ ከእሷ በፊት ስለነበረው መምህር በቅጡ የነገራት ሰው አልነበረም። «ለቆ ሄደ» ብቻ አሏት። እሷም ከጅግጅጋ ገና መምጣቷ ነውና አልጠየቀችም።

ትምህርት ቤቱ የኪራይ መኖሪያ ቤት ነው። ሳሎኑ ስድስተኛ ክፍል ሆኗል። መስኮቶቹ ወደ መንገዱ ስለሚከፈቱ የባጃጁ ጩኸት ከነአቧራው ይገባል፤ የክፍሉም ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል። እያንዳንዱ ልጅ ታብሌት አለው። በታብሌቶቹ ላይ የተጫነውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሠራው እዚያው ሐርጌሳ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው፤ መጀመሪያ በሶማሊኛ አዘጋጅቶት በኋላ አማርኛ ጨመረበት። ልጁ ጥያቄውን አንብቦ መልሱን ይነካል። ካገኘው አረንጓዴ ምልክት ብልጭ ይልና ያልፋል፤ ድምፅ የለም። ከሳተ ግን አንድ ሰው ይናገራል። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል፣ የጎጃም ቃና ያለው ድምፅ ነው። ለወንዱ «ሞክር»፣ ለሴቷ «ሞክሪ» ይላል። ሦስቴ ለሳተ ደግሞ አጠገቡ እንደተቀመጠ ሰው ነገሩን ከሥሩ ያስረዳዋል።

«የታችኞቹ ቁጥሮች ተጣልተዋል። ሳይታረቁ አይደመሩም። መጀመሪያ አስታርቂያቸው፣ እሙዬ።»

ይህን «እሙዬ» ለሴቶቹ ሁሉ ስለሚለው ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እርስ በርስ እየተጠራሩ ይሳሳቁበታል።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ዳግማዊትን ደስ አሰኛት። ልጅ የሚያሸማቅቅ አልነበረም። እየዋለ እያደረ ግን ይከተላት ጀመር። አንዱ ልጅ ጥግ ላይ ሲሳሳት ከጥግ ይናገራል፤ ሌላው ሲሳሳት ከበሩ በኩል። ሰውየው ራሱ በወንበሮቹ መሀል የሚዘዋወር ይመስላል። ልጆቹ ከወጡ በኋላ የረሳችውን ለማንሳት ስትመለስ፣ አንድ ሰው ንግግሩን አሁን አቋርጦ ዝም እንዳለላት ዓይነት ፀጥታ ይቀበላታል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየደመረች «ሳይታረቁ አይደመሩም» አለች። ቃሉ የእሷ አልነበረም። ልጆቹ ቀና ብለው አዩዋት። ጠመኔውን አስቀመጠች።

ረድኢት የምትባለው ተማሪ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ሰሌዳ ላይ ስትወጣ የምትስተው የለም። ታብሌቱ ላይ ግን የክፍሉ መጨረሻ ናት፤ ጓደኞቿ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲያልፉ እሷ ክፍልፋይ ላይ ቆማ ቀርታለች። ዳግማዊት ዕቃው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ቀየረችላት። ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ከኋላዋ ቆማ አየቻት። ልጅቷ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ጥያቄውን ሳታነብ የተሳሳተውን መልስ ነካች። ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ ነካች። በሦስተኛው ረጅሙ ማብራሪያ ሲጀምር ከንፈሯ ከድምፁ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ጸሎት የምታደርስ ትመስል ነበር።

በእረፍት አስቀረቻት።

«መልሱን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን ትሳሳቻለሽ?»

ረድኢት ታብሌቱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «ካልተሳሳትኩ አባዬ አይናገርም» አለች።

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረቻት። ከዳግማዊት በፊት የነበረው መምህር ቢምረው አባቷ ነው። ድምፁን የቀዱት ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ነበር። ለሴቶቹ የሚሆነውን ሲያነብ አልሆን ስላለው፣ የድርጅቱ ሠራተኛ «ሴት ልጅ ካለህ አምጣና ለእሷ ንገራት» አለችው። እሱም ረድኢትን ፊቱ አስቀምጦ ዓይን ዓይኗን እያየ ተናገረ። እሙዬ እሷ ናት።

ዳግማዊት «አባትሽ አሁን የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ባሕር ማዶ ነው አለች ልጅቷ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

የረድኢት እናት ዓለምነሽ በአሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ከበሩ አትደርስም፤ ከመንገዱ ማዶ ሱቁ ጥግ ትቆማለች። ለዳግማዊት የሰው ፊት የምትፈራ ትመስላት ነበር። የዚያን ዕለት ዳግማዊት መንገዱን ተሻግራ አናገረቻት።

ዓለምነሽ አልደበቀችም። ቢምረው ባሕር ሊሻገር ሄዶ የተሳፈረባት ጀልባ ተገለበጠች። ከተረፉት አንዱ፣ ሙሉሰው የሚባል ግንበኛ፣ ተመልሶ መጥቶ ውሃው ሲወስደው አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ሬሳ አልተገኘም። መሐመድ ሞጌ ሰፈር በተከራየችው ቤት የአገሯ ሰዎች ተሰብስበው አስለቀሷት፤ እርሟን አወጣች። ረድኢት ግን እንባ አልወጣትም። ሙሉሰው ጨለማ ነበር ብሏል፣ በጨለማ ምን አየ ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ የአባቷን ሞት የሚያነሳ ካለ ተነስታ ትወጣለች።

«እኔ ጥቁሬን ለብሼ ተቀምጫለሁ» አለች ዓለምነሽ። «እዚያ በር ላይ ስደርስ ግን ባሌ ልጅ ሲያስተምር እሰማዋለሁ። የሞተ ሰው ዝም ማለት የለበትም? አንቺ መምህርት ነሽ፤ አስጠፊልኝ።»

ዳግማዊት በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ሄደች። ቀረጻውን የሠራችው ናስተሆ የቢምረውን መሞት አልሰማችም ነበር። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ «ኢናሊላህ» አለች። ከዚያ የሶፍትዌሩ አዲስ እትም እንደደረሰ፣ በማሽን የተሠራ የሴት ድምፅ እንዳለው፣ በአንድ ከሰዓት ሁሉም ታብሌት ላይ ልትጭነው እንደምትችል አስረዳቻት። እያወራች የቢምረውን ቅጂዎች ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተቻቸው። ዳግማዊት ስታይ ገጹ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ አያልቅም። እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ነበር የቀዳው። ረድኢት የሰማችው እፍኝ ነው። የቀረው ምዕራፍ የሚከፈተው በትክክለኛ መልስ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ መልስ ማግኘት ትታለች።

ዳግማዊት አዲሱን ድምፅ ሳታስጭን ተመለሰች። ትክክል ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም። ዓለምነሽን «ልጅሽ የቀረውን ሰምታ ትጨርስ፣ ያኔ ይጠፋል» ብላ ለመነቻት።

«ሲያልቅስ ምን ትሆናለች?» አለች ዓለምነሽ።

በመጨረሻ ግን ይሁን አለች።

ዳግማዊት ይህን ለረድኢት ስትነግራት ልጅቷ አልተገረመችም፤ እስከየት ድረስ እንዳለ ብቻ ጠየቀች።

«እስከ ስምንተኛ መጨረሻ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ረድኢት በረረች። ምዕራፉ እስኪከፈት ታገኛለች፤ ሲከፈት ሦስቴ ትሳሳታለች፤ ሰምታ ስትጨርስ እንደገና ታገኛለች። መቶኛውን፣ ንፅፅሩን፣ የማይታወቀውን ቁጥር ፍለጋ ሁሉ እንዲህ አለፈችው። ሰባተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ያልደረሱበትን እሷ ጨርሳ ነበር። አንዳንዴ ዳግማዊትን ጠርታ ማዳመጫውን ትሰጣታለች። አንዱ ቅጂ ላይ ከሰውየው ድምፅ ኋላ በር ሲጢጥ ይላል። ሌላው ላይ ትንሽ ልጅ ስትስቅ ትሰማለች፤ ቢምረውም እንዳይስቅ ታግሎ ቁጥሩን ይቀጥላል። የምትስቀው ረድኢት ራሷ ናት። ዳግማዊት ማዳመጫውን መለሰችላት። አጠገቧ ያለችው ልጅ እና እዚያ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለት ሰዎች መሰሏት፤ አንዷ ከአባቷ ጋር የቀረች።

መጨረሻው ሲቀርብ ረድኢት ዘገየች። ያለፈውን እየመለሰች ትሰማለች፣ ወይም ታብሌቱን ዘግታ ትቀመጣለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ሲቀራት ለብዙ ጊዜ አልነካችውም። ዳግማዊትም አልጎተጎተቻትም። ከዚያ አንድ ቀን ረድኢት «እናቴ ትምጣ» አለች።

ዓለምነሽ በሩን አልፋ ገባች። ሌሎቹ ልጆች ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ሦስቱ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ረድኢት ማዳመጫውን ነቀለችው። ጥያቄው የውሃ ቦቴ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ነበር። አንዴ ሳተች፤ ሁለቴ ሳተች። «እንደገና ሞክሪ» ሲል ዓለምነሽ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። በሦስተኛው ድምፁ መጣ።

«የውሃ ቦቴ ማለት የተጋደመ በርሜል ነው። የክቡን ስፋት አውጪ፣ በርዝመቱ አባዢው። ይኸው ነው።»

ረድኢት ጠበቀች። ምንም አልተከተለም። ደግማ ነካች፤ ያው መጣ። ወደ እናቷ ዞረች።

«አልተሰናበተኝም።»

«እንደሚሞት መቼ አወቀና» አለች ዓለምነሽ።

ልጅቷ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ «አባዬ» አለች፤ ቃሉ እየረዘመ ሄዶ ልቅሶ ሆነ። ዓለምነሽ ወደ ራሷ ሳበቻትና እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ስሙን እየጠራች አብራት አለቀሰች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ መጥቶ በመስኮቱ አየና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ዳግማዊት ታብሌቱን አንስታ አጠፋችው። ሰውየውን በሕይወቱ አይታው አታውቅም። ሳታስበው እሷም እያለቀሰች ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ናስተሆ መጥታ አዲሱን ድምፅ ጫነች። ረድኢት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ባሕሩን ማየት ፈለገች። የበርበራን መስመር የሚሠራ ቸርነት የሚባል ሾፌር እሷን፣ እናቷንና ዳግማዊትን ጋቢና ውስጥ አሳፍሮ ይዟቸው ሄደ። በርበራ ሲደርሱ ገና ማለዳ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ተነስቷል። ቸርነት ማዶው በየት በኩል እንደሆነ በእጁ ጠቆማት። ረድኢት ጫማዋን አወለቀች፤ ውሃው ጉልበቷ እስኪደርስ ገብታ ፊቷን ወደዚያ አድርጋ ቆመች። ብዙ ከመቆየቷ የተነሳ ዓለምነሽ ፈርታ ልብሷን እንደለበሰች ተከትላት ገባች፤ እጇን ያዘቻት።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አለቻት።

«ውሃ ብቻ» አለች ረድኢት።

ቸርነት ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃቸው ነበር። ፀሐዩ ሳይበረታ መመለስ ነበረባቸው።