ሠላሳ ሁለተኛው ቀን

እትዬ ዘመናይ በሩን ሲከፍቱልኝ የሆስፒታል ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ በሁለት እጄ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ዳቦው ገና ይሞቃል።

“ሶሊያና? ምነው በደህና? እናትሽ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። ዛሬ ሥራ ገብታለች። ዳቦውን አንቺ ጋግረሽ አድርሺ ብላኝ ነበር።”

“የምን ዳቦ?”

“የማኅበሩን።”

እትዬ ዘመናይ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ሳሎኑን አዩት። እኔም በትከሻቸው አሻግሬ አየሁ። የተደረደረ ወንበር የለም፣ ሰው የለም። ባለቤታቸው ጋሽ እሸቴ ብቻ ካልሲያቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተጋድመው ኳስ ያያሉ። ጋሽ እሸቴ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ እሑድ ዕረፍታቸው ነው።

“የአቦ ማኅበር ዛሬ አይደለም እንዴ?” አልኩ። “እናቴ ባለፈው ሳምንት ጥቅምት አምስት ብላኝ ነው።”

“ዛሬ ስንት ነው?”

“ጥቅምት አምስት። ኦክቶበር ፋይቭ።”

“ኦክቶበር ፋይቭማ መስከረም ሃያ አምስት ነው፣ የኔ ልጅ” አሉ እትዬ ዘመናይ። ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ አየኋቸው።

ጋሽ እሸቴ ግን አልታገሉም። ተነሥተው ቁጭ አሉ። “ዳቦ ሳይዝ የመጣ ማኅበርተኛ ብዙ አይቻለሁ። ማኅበር ሳይኖር የመጣ ዳቦ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።”

ፊቴ ጋለ። ወደዚህ አገር የመጣሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ እናቴ የትምህርት ቤቱን የቀን መቁጠሪያ ዘርግታ፣ እንዲቀለኝ ብላ፣ ሴፕቴምበር ማለት መስከረም ነው፣ ኦክቶበር ማለት ጥቅምት ነው ብላ አስጠናችኝ። ሰው ስለማላስቸግር ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም።

“ነይ ግቢ” አሉ ጋሽ እሸቴ። “ዳቦው ተሳስቶ ቢመጣም ቢላዋ አይከለከልም። ግን ስሚኝ፤ የፈረንጁ ወር የራሱን ይቆጥራል፣ የኛውም የራሱን ይቆጥራል። ስሙን ብቻ ወስደሽ ከለጠፍሽበት እንዲህ አሥር ቀን ቀድመሽ ትደርሻለሽ።”

ከዳቦው እኩሌታውን ቆርሰው አስቀሩ፤ እኩሌታውን መልሰው አሸከሙኝ።

እነ እትዬ ዘመናይ ከሚኖሩበት ከብሩክሊን ሴንተር ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚመልሰኝ አውቶቡስ ላይ ስለ ዳቦው ማሰብ ተውኩ። ከዚያ የሚብስ ጭንቀት ነበረብኝ። ሐሙስ ጥናቴን የሚገመግመው ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

ለሦስት ዓመት የሠራሁት ጥናት ሂማላያ ሥር፣ ዲላንግ የሚባል ወንዝ ላይ ስላለች አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ወንዙን የሚያኖረው ከላይ ከተራራው የሚወርደው የበረዶ ግግር ቅላጭ ነው። ግግሩ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር ክፉ አይመስልም። ብዙ በረዶ ስለሚቀልጥ ወንዙ ይሞላል፣ ተርባይኖቹ ይሽከረከራሉ፣ ሰውም በረከት መጣ ይላል። ኋላ የሚቀልጠው እያነሰ ሲሄድ ውኃው ይጎድላል። የማመንጫዋ ባለቤቶች አሁን ባለው ሙላት ተማምነው ሁለት ተርባይን ሊጨምሩ ተነሥተዋል። እኔ የሠራሁት የኮምፒውተር ሞዴል ግን ሙላቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት እንደማያልፍ፣ ከዚያ በኋላ አዲሶቹ ተርባይኖች በደረቁ ወራት ሥራ ፈትተው እንደሚቆሙ ያሳያል።

ያ የመጨረሻው ምዕራፌ ነው። ሐሙስ ሊወድቅ የተቃረበውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሞዴሌ ያለፈውን በትክክል ማሳየት አልቻለም። የማመንጫዋ የአሥር ዓመት መዝገብ ወንዙ መሙላት የሚጀምረው ሜይ ሰባት ገደማ ነው ይላል። ሞዴሌ ሜይ ሃያ ይላል። አንድ ዓመት ቢሆን ችግር አልነበረውም። አሥሩንም ዓመት ግን እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ አሥራ ሦስት ቀን ያህል ይዘገያል። ቀኑን ለማስማማት የነበረኝ ብቸኛ መንገድ ግግሩ ሳተላይት ከለካው ይልቅ ወፍራም ነው፣ ቀድሞ ወደሚሞቀው ዝቅታም ወርዶ ነው የተኛው ብሎ ማስገባት ነበር። እንዲያ ከተባለ ደግሞ በረዶው አያልቅም፤ ተርባይኖቹም ይጨመሩ ማለት ነው።

“ትናንትን መግለጽ ያቃተው ሞዴል ስለ ነገ ቢናገር ማን ያምነዋል?” ብለውኝ ነበር አማካሪዬ ፕሮፌሰር ሊንድኲስት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። “እስከ ሐሙስ ካልተፈታ ምዕራፉን እናውጣው።”

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ሁልጊዜ ይቀለኛል።

የምንሠራበት ቤተ ሙከራ ከሚሲሲፒ ወንዝ ፏፏቴ አጠገብ ነው። እሑድም ቢሆን ቶኩማ አይጠፋም። ቶኩማ የነቀምት ልጅ ነው፤ የሚያጠናው ስለ ኮንክሪት መሰንጠቅ ነው፣ ፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ የሱ ነው። ፎጣውን ሲያይ ወንበሩን ወደኔ ገፋ።

“ማኅበሩ ተበተነ?”

“ገና አልተሰበሰበም። አሥር ቀን ይቀረዋል።” የሆነውን ነገርኩት።

“አሥር ቀን ቀድሞ የመጣ ሰው በኛ አገር ድንኳን ይተክላል እንጂ ዳቦ ተሸክሞ አይመለስም” አለና ቆረሰ።

እኔ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሁለቱ መስመሮች ላይ እንደገና አፈጠጥኩ፤ ሰማያዊው የመዝገቡ፣ ቀዩ የኔ። ከሰማያዊው በስተቀኝ ቀዩ ጥላ መስሎ ይከተለዋል። አሥራ ሦስት ቀን። ስንት ወር ሙሉ ቀዩ ነው የዘገየው ስል ኖሬያለሁ። ሰማያዊው ቀድሞ ቢሆንስ? ስሙን ብቻ ወስደሽ ከለጠፍሽበት ቀድመሽ ትደርሻለሽ፤ ጋሽ እሸቴ ያሉት ይህን አልነበር?

የመዝገቡን ቁጥሮች የሰጠን አንድ የአማካሪዎች ድርጅት ነው። የማመንጫዋን የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት እነሱ ናቸው። ቁጥሮቹ እጄ በገቡ ሳምንት የመጀመሪያ ሥራዬ ማጽዳት ነበር፤ ከሠላሳ አንድ የሚበልጥ ቀን የተጻፈበትን መስመር ሁሉ ሰርዝ የሚል ትእዛዝ ለፕሮግራሙ ጻፍኩ። የጽሕፈት ስሕተት ነው ብዬ ነበር። አሁን የተሰረዙትን አወጣኋቸው። አሥራ ስድስት መስመር ናቸው። አሥራ ስድስቱም ሠላሳ ሁለት ይላሉ። ሁሉም የዋሉት ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ወራት ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስት የሚል የለም፣ አርባ የሚል የለም።

“ቶኩማ፣ ሠላሳ ሁለት ቀን ያለው ወር ታውቃለህ?”

“እኛ አምስት ቀን ብቻ ያለው ወር አለን” አለ ዳቦውን እያላመጠ። “ሠላሳ ሁለት ያለው ቢኖር ምን ይገርማል?”

እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። ልጅ ሳለሁ በአገሬ አሥራ ሦስት ወር አለ ብዬ ክፍል ውስጥ ስናገር ልጆቹ ስቀውብኝ ነበር። አድጌ ደግሞ የሌላውን አገር ቀን እኔው ራሴ ስሕተት ነው ብዬ ሰርዤአለሁ።

ያን ዕለት ለማመንጫዋ ኢሜይል ጻፍኩ። ድርጅቱን አልፌ በቀጥታ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አራት ጊዜ አንብቤ ነው የላክሁት። ሰኞ ጠዋት መልስ መጣ። የላኩት የወንዙን መለኪያ የሚያነቡት አቶ ታማንግ የሚባሉ ሰው ናቸው። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንሥተው አያይዘውታል፤ መስመሩ የተስተካከለ፣ በራሳቸው ፊደል የተጻፈ፣ በየቀኑ የተፈረመበት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

“በእኛ አቆጣጠር ጄት የሚባለው ወርና ቀጥለውት የሚመጡት ሁለት ወራት ሠላሳ ሁለት ቀን የሚሆኑበት ዓመት አለ። ዓመታችን የሚገባው በኤፕሪል አጋማሽ ነው። በየጠዋቱ ወርጄ አነባለሁ፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ የጠየቀን ሰው የለም።”

ድርጅቱ ያደረገው እናቴ ያደረገችውን ነው። በየወሩ ስም ፋንታ የሚቀርበውን የፈረንጅ ወር ስም ተክቶ ቀኑን እንዳለ ትቶታል። የመጀመሪያው ወራቸው ኤፕሪል ተባለ፣ ኤፕሪል ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖት የሚጀምረው ወር። ቀኑም ሁሉ ያን ያህል ቀድሞ ተጻፈ።

ሰኞንና ማክሰኞን የአሥር ዓመቱን ቀን አንድ በአንድ ስመልስ ዋልኩ። በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት ቀን ገፋ አድርጎ መጨረስ አይቻልም፤ የወሮቻቸው ርዝመት ከዓመት ዓመት ይለያያል። አቶ ታማንግ የየዓመቱን ሠንጠረዥ ላኩልኝ። የሰረዝኳቸውን አሥራ ስድስት ቀናት ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ሞዴሉን አልነካሁትም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አስነሣሁትና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ሰማያዊው መስመር ወጣ። ቀዩ ወጣ። ቀዩ ሰማያዊው ላይ ተኛ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በሁለተኛው፣ በአምስተኛው፣ በአሥረኛው፣ ወንዙ ሲሞላ አብረው ይወጣሉ፣ ሲጎድል አብረው ይወርዳሉ። አንዳንድ ቦታ ላይ ቀዩ ጭራሽ አይታይም ነበር።

ቶኩማ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ሁለቱን መስመሮች አጎንብሶ አያቸው። “ይኼ ያንቺ ነው?” አለ በመጨረሻ።

“የኔ ነው።”

“እንግዲያው ሐሙስ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳላይሽ።”

ሐሙስ በስብሰባው ክፍል አራት ፕሮፌሰሮች ተቀምጠዋል፤ የአማካሪ ድርጅቱ መሐንዲስ በስክሪን ገብቷል። አዲሱን ሥዕል ለፕሮፌሰር ሊንድኲስት የላክሁላቸው ረቡዕ ነበር፤ “አቅርቢውና እንየው” ብቻ ብለው መልሰዋል። መናገር ስጀምር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአቶ ታማንግን ገጽ አሳየሁ፣ የወሮቹን ሠንጠረዥ አሳየሁ፣ ከዚያ ሁለቱን መስመሮች።

መሐንዲሱ እስክጨርስ አልጠበቀም። “ሠላሳ ሁለት የሚለውን እኛም አይተነዋል” አለ። “ሩቅ ቦታ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ይደክመዋል፣ ይሳሳታል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ አሥር ዓመት ሙሉ መለወጥ አይቻልም።”

የወትሮዋ እኔ ብሆን እዚህ ላይ እሺ እል ነበር። ነገር ግን ያ የተስተካከለ መስመር፣ የየጠዋቱ ፊርማ ዓይኔ ላይ ነበር።

“የደከመው ሰው አሥራ ስድስት ጊዜ ሲሳሳት አሥራ ስድስቱንም ጊዜ ሠላሳ ሁለት ብቻ አይጽፍም” አልኩ። “ሁልጊዜም በእነዚያው ወራት አይሳሳትም። እናንተ በሰጣችሁን ቁጥር ዲሴምበር መጨረሻው ላይ በየዓመቱ ባዶ ቀን አለው። ያም የሆነው በዲሴምበር የተተካው የእነሱ ወር ሠላሳ አንድ ቀን ስለማይሞላ ነው። አቶ ታማንግ አልተሳሳቱም። አንብበን ያልጠየቅነው እኛ ነን። እኔም አለሁበት፤ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ።”

መሐንዲሱ ወረቀቱን ሲያገላብጥ በስክሪኑ ታየ። ለረጅም ጊዜ አገላበጠ። “እኛ ለራሳችን ስሌት ዲሴምበርን በአማካይ ነበር የሞላነው” አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። “ትክክል ናት።”

ፕሮፌሰር ሊንድኲስት መነጽራቸውን አወለቁ። “ቀኑን ካስተካከልሽ በኋላ በሞዴሉ ውስጥ ስንት ቁጥር ለወጥሽ?”

“አንድም።”

“አንድም?”

“አንድም አልነካሁም።”

ከኮሚቴው በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ ሥዕሉን ለማየት ተነሥተው እስከ ስክሪኑ ድረስ ሄዱ። ሁለቱ መስመሮች የተደራረቡበትን ቦታ በጣታቸው ተከተሉት። “እንግዲህ ይህች ልጅ ስለሚመጣው የምትለውን መስማት ይኖርብናል” አሉና ወደኔ ዞሩ። “ቀጥዪ።”

ቀጠልኩ። ሙላቱ መቼ እንደሚያበቃ፣ ተርባይኖቹ በየትኞቹ ወራት እንደሚቆሙ አንድ በአንድ አስረዳሁ። የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ድምፄ መንቀጥቀጥ ያቆመው የቱ ላይ እንደሆነ አላስታውስም።

ኮሚቴው ምዕራፉን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፤ ድርጅቱም የቀን አቆጣጠሩን አርሞ ለማመንጫዋ ባለቤቶች ላከ። በዲሴምበር ባለቤቶቹ ከሁለቱ ተርባይኖች አንዱን ሰርዘው፣ ለደረቁ ወራት ውኃ የሚያቆይ ትንሽ ግድብ እንዲጠና ወሰኑ። ጽሑፉ ሲታተም የአቶ ታማንግ ስም ከኔ ስም ቀጥሎ ሰፈረ። ባለቤቶቹም የግድቡን ጥናት እንድሠራ ጠየቁኝ፤ በኤፕሪል ወደ ዲላንግ ሄድኩ።