ከገጹ ያለፈ ሰው

ማክሰኞ ማክሰኞ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ራምል የትራም ጣቢያ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት የሚሰበሰቡት ሰዎች ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ያን ሳምንት የያዘውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና የደረሰበትን ገጽ ይናገራል። ከዚያ ገጽ ያለፈ ወሬ ማንም አይተነፍስም። መጽሐፉን አሥር ጊዜ ያነበበው እንኳ አፉን በሻይ ይዘጋል። ሌላው የእስክንድርያ ሰው በኳስና በመኪና ማቆሚያ ይጣላል፤ እነዚህ ስለ ሰማይ መርከብና ስለ ጠንቋይ ነገሥታት የሚያነቡት ግን የሚጣሉት በመጨረሻ ምዕራፍ ነው። አንዱ የጥርስ ሐኪም የአንድ ዘንዶ አሟሟት ሳያስበው አምልጦት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ተነፍጎታል። ይበለው!

ሕጉን ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ያወጡት ዋጊህና ሹክሪ ናቸው። ዋጊህ የሂሳብ አስተማሪ፣ ሹክሪ ደግሞ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ሹክሪ ከባሕር ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ይልቅ መጽሐፍ ይበዛ ነበርና፣ ሁለቱ አንዱን ቅጂ እየተቀባበሉ ያነቡና ከዚያ ይጨቃጨቃሉ። መጨቃጨቅ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዴ አስተናጋጁ ፖሊስ ሊጠራ ተነስቶ ነበር። ዋጊህ አላገባም፣ ወንድምም የለውም። ያለው ሹክሪ ነው።

ሹክሪ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ መምጣት ከጀመረ ሰባት ወር ሆነው። በአንዲት ባዶ ጨረቃ ላይ መብራት የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ነው። ወንድሟ ከሩቅ በመርከብ እየመጣ ነው፤ እሷ መብራቷን ብልጭ ስታደርግ ከመርከቡም ብልጭታ ይመለስላታል። መጽሐፉን የሰጠው ዋጊህ ነበር። ሽፋኑን ገለጥ ሲያደርጉት በእጁ ጽፎበታል፦ «ለሹክሪ፤ ስትጨርሰው እንጨቃጨቃለን።» ዋጊህ ፍጻሜውን ካነበበ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ነበርና፣ ይህን ነገር ከሹክሪ ጋር ተናግሮ እስኪወጣለት ድረስ ቸኩሎ ነበር።

ሹክሪ ግን አይጨርሰውም። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት አካባቢ ሲደርስ ታሪኩ ይጠፋበትና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። መጀመሪያ ወዶት እየደገመው መስሏቸው ነበር። በሦስተኛው ወር ሚስቱ ሱሄር ቀድማ መጣችና ለብቻቸው ነገረቻቸው።

«ሐኪሙ ገና ይብሳል ብሎኛል» አለች። «የልጆቹን ስም ይሳሳታል። ትናንት መታጠቢያ ቤቱ ጠፋው። ማክሰኞ ሲሆን ግን ራሱ ተነስቶ ጢሙን ይላጫል። ማክሰኞን ብቻ አትቀሙት። አደራችሁን።»

ተስማሙ። ሹክሪ ታሪኩን በጀመረ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰሙታል። መድኃኒት ቤት ያላት ኢንጂማ ተዋናይ ሆነች፤ በየሳምንቱ «ውይ በሞትኩት! ከዚያስ?» እያለች ጉንጯን ትይዛለች። ያቃተው ዋጊህን ነው። ሌሎቹ በሽተኛ ያስታምማሉ፤ እሱ የሚጨቃጨቀው ሰው አጥቷል። በየማክሰኞው ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ይናፍቀዋል፤ ናፍቆቱም ወደ ንዴት ይዞርበታል። በንዴቱ ያፍራል፣ ግን ይናደዳል።

ታኅሣሥ ላይ፣ ቃሲም የሚሉት ዓመታዊ ወጀብ ባሕሩን አስነስቶ ጎዳናውን ባጠበበት ማክሰኞ፣ የመጡት አራት ብቻ ነበሩ። ሹክሪ ግብጦ እየላጠ ጨዋታውን አደመቀው።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ነኝ። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ እንዳትሉ! እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ መልእክት ተቀብያለሁ። ይሄ ብልጭታ የሰው እጅ ነው። ወንድሟ ይደርሳል፣ በኋላ ትሉኛላችሁ።»

«ውይ፣ ይድረስላት ሐጂ!» አለች ኢንጂ።

ሹክሪ ወደ ዋጊህ ዞረና ዓይኑን ጠቀሰው። «አንተ የቾክ ነጋዴ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብበህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰው በሆንክ ነበር። አንተ የምትሰጠኝ ሁሉ እኮ የሚያስተኛ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ሱሄርም ሳቀች፣ ባሏ እንደ ድሮው ሲቀልድ በማየቷ።

«ይሄንንስ ማን ሰጠህ?» አለ ዋጊህ።

«እንጃ። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ነው።»

እዚህ ላይ ዋጊህ ዝም ቢል ኖሮ ይህን ታሪክ የሚያወራው ባልኖረ። ዝም አላለም። የሰባት ወሩ ንዴት በአንድ ጊዜ ገነፈለበት።

«መርከቡ ላይ ማንም የለም!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሟ ከሞተ ሰማንያ ዓመቱ ነው! ብልጭ የሚለው ማሽን ነው፣ ማሽን! ሰማህ? አሁን ተጨቃጨቀኝ! በል ውሸት ነው በለኝ!»

የጎረቤት ጠረጴዛ ዶሚኖ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩ። ሹክሪ አልጮኸም። የላጠውን ግብጦ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«መቶ አሥራ ሁለት አልኩህ እኮ» አለ። «ገጹን ነግሬህ ነበር።»

ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሱሄር ኮቱን አልብሳ በዝናቡ ውስጥ ወሰደችው፤ ዋጊህን ቀና ብላ አላየችውም።

ኢንጂ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። «አጎቴ፣ ባትቆጣው ደስ ይለኝ ነበር» አለች፤ «ግን አትጨነቅ። ሳምንት አያስታውሰውም።»

ዋጊህ ያን ሳምንት የኖረው በዚህች ቃል ነው። ይረሳዋል። መጽሐፉንም፣ ፍጻሜውንም፣ ጩኸቱንም ይረሳዋል። የጓደኛውን በሽታ ጸጸቱን እንዲያጥብለት እየለመነ መሆኑ ገብቶታል፤ ገብቶትም ለመነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ዋጊህ ተረቱ የተገላቢጦሽ ይሁንልኝ እያለ ሰባት ሌሊት ተገላበጠ።

ማክሰኞ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ዋጊህ ዘግይቶ ሲደርስ የሹክሪን ድምፅ ከበሩ ሰማው፤ የሞቀ፣ ደስ ያለው ድምፅ።

«ገጽ አሥራ ሰባት ነኝ፤ ገና መጀመሬ ነው። አንዲት ሴት አለች፣ መብራት ትጠብቃለች። ወንድሟ እየመጣ ነው። ይደርሳል፣ እኔ ልንገራችሁ!»

«ከዚያስ?» ትላለች ኢንጂ።

ረስቶታል! ዋጊህ በደስታ ገባ። ወንበር ስቦ እንደ ወትሮው ከጎኑ ተቀመጠና ትከሻውን ነካው። ሹክሪ ቀና ብሎ አየው። ንግግሩ ተቋረጠ። መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ከጠረጴዛው አነሳና በሌላው ጎኑ፣ ከሱሄር ዘንድ አስቀመጠው።

«ምነው? ቀጥል እንጂ» አለ ዋጊህ።

«በኋላ።»

«እኔ እኮ ነኝ፤ ዋጊህ።»

«አውቅሃለሁ። ዋጊህ ነህ፣ ወንድሜ ነህ።» ሹክሪ ግራ ገብቶት ግንባሩን አሸ። «እንጃ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አንተ እያለህ መናገር ፈራሁ።»

ሱሄር ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዋጊህ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅር በለኝ ሊለው ፈለገ። ግን ምን አድርጌሃለሁ ብሎ ይጀምራል? ፍጻሜውን ነገርኩህ ካለ፣ ሹክሪ «የቱን ፍጻሜ?» ይለዋል። ይቅርታ ለመጠየቅ ሴትዮዋን ዳግመኛ ወንድም አልባ ማድረግ ሊኖርበት ነው። አንድ ሙሉ የጥቁር ሰሌዳ ስሌት በአንድ ትንፋሽ ይፈታ የነበረው ሰው ለዚህች መላ አጣላት። ሹክሪ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንግዳ ቤት እንደሄደ ሰው በጨዋነት ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል፤ እስኪሄድለት።

«ለካ ቀጠሮ ነበረብኝ» አለ ዋጊህ ተነስቶ።

«ሻይህንስ?»

«ሌላ ጊዜ።»

«ማክሰኞ ና እንግዲህ» አለ ሹክሪ። ከልቡ ነበር ያለው።

ዋጊህ ትራሙን ሲጠብቅ በሻይ ቤቱ መስታወት አሻግሮ አየ። ሹክሪ መጽሐፉን ወደ ጠረጴዛው መልሶታል። ጣቶቹን ዘርጋ ጨበጥ እያደረገ ብልጭታውን ያሳያቸዋል፤ ኢንጂ ጉንጯን ይዛለች። ትራሙ ሲመጣ ተሳፈረ፤ ከቆመበት ሳይቀመጥ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ዋጊህ ማክሰኞ አይመጣም። ኢንጂ መድኃኒቱን ሊገዛ መድኃኒት ቤቷ ሲመጣ የሹክሪን ወሬ ትነግረዋለች። የደረሰበትን ገጽ ትነግረዋለች፤ ብዙ ጊዜ ከሃምሳ አያልፍም። ሹክሪ ባዶውን ወንበር እያየ «ዋጊህ የት ጠፋ?» ማለት አልተወም አለችው።

«ምን ትሉታላችሁ?»

«እያነበበ ነው እንለዋለን።»

«እሱስ?»

ኢንጂ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በወረቀት ጠቀለለች፤ መልሳ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው።

«‹ሲመጣ ንገሩኝ› ይላል። ‹ይሄን ታሪክ መንገር የምፈልገው ለእሱ ነው።›»