ስድስተኛው ባጅ

የፊዚክስ ዶክተሩን ሚስት ታናሽ ወንድም ቤተ ሙከራው ውስጥ «ብረቱ» ይሉት ነበር። ሃያ ኪሎ የእርሳስ ጡብ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እያፏጨ ይሄዳል፤ ጉንፋን እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ዶክተሩ አዳዲስ የጨረር መለኪያዎች ሲፈለስፍ ብረቱ ይበይዳል፣ ይገጣጥማል፣ ይሸከማል። የዶክተሩ አንዲት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የመረጠችው በአባቷ ዕውቀት ሳይሆን በአጎቷ ቀልድ ተስባ ነው ይባላል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አምስቱ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ ጨረር የሚመዘግብ ባጅ ያደርጋሉ። ስድስተኛው ባጅ የማንም አይደለም፤ ራቅ ብሎ ይሰቀልና ከአፈሩም ከሰማዩም የሚመጣውን፣ ሰው የትም ቢሄድ የማያመልጠውን ጨረር ብቻ ይለካል። ዶክተሩ በየሦስት ወሩ ስድስቱንም ያነብና የስድስተኛውን ቁጥር ከአምስቱ ላይ ይቀንሳል። የሚተርፈው ሰዎቹ ከሥራቸው ያገኙት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተረፈው ዜሮ ነበር። እሱም አፉን ሞልቶ «እንደዚህ ንጹሕ ቤተ ሙከራ የለም» ብሎ ጻፈ፤ ተጨበጨበለት፤ ለአዲሱ የምርምር ማዕከል ኃላፊነት ታጨ።

ከዚያ ብረቱ ድዱ ይደማ ጀመር። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። የሆስፒታሉ ሐኪም «መቅኒው ደም መሥራት እያቆመ ነው» አለና ለዶክተሩ ደብዳቤ ላከ። ይህ ሰው ምን ያህል ጨረር አግኝቷል? ብዙ ከሆነ መቅኒ እንዲቀየርለት ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ካልሆነ እንደማንኛውም በሽተኛ ስምንት ወር ወረፋ ይጠብቃል።

ዶክተሩ ዜሮውን ሊጽፍ ብዕር አነሳ። ግን የመቅኒው ነገር ከዜሮው ጋር አልገጥም አለው። ተነሥቶ ስድስተኛው ባጅ ወደተሰቀለበት ኮሪደር ወረደ። ሚስማሩን ራሱ ነው የመታው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቤተ ሙከራው ቀለም ሲቀባ የድሮው ቦታ ራቀኝ ብሎ። የእጅ መለኪያውን ግድግዳው ላይ ቢያስጠጋው ጩኸቱን ለቀቀው። ለካ ከግድግዳው ማዶ የጨረር ምንጮቹ የሚቀመጡበት ሣጥን ነው፤ መከለያው ተሰንጥቋል፤ የብረቱ ወንበር ደግሞ ያንኑ ሣጥን የተደገፈ ነው። ዜሮ እየወጣ ማን መለኪያ ይዞ ይዞራል?

ዶክተሩ ክው አለ። የማንም ያልሆነው ባጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰዎቹ እኩል ጨረር ሲጠጣ ኖሯል፤ እሱም «ተፈጥሮ ነው» እያለ ከላያቸው ላይ ሲቀንስ! የብረቱን እንደገና አሰላ። ሦስት ጊዜ አሰላ። ቁጥሩ ቅድሚያ የሚያሰጠው ዓይነት ነበር።

እውነቱን ቢጽፍ ብረቱ ነገውኑ ይታከማል። ጽሑፉ ግን ይሻራል፤ ሹመቱ ይቀራል፤ ያጨበጨቡለት ሁሉ ይስቁበታል። አይ ሰው! ስሌቱን ጭምድድ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ብረቱ ግድግዳ እየተደገፈ መጣ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤውን መለሱት?»

«መልሼዋለሁ። አይዞህ፣ ዜሮ ነህ።»

«ተመስገን! እኔ እኮ ፈርቼ ነበር። እህቴንም ‹ጋሼ እያለ እኔን ምን ይነካኛል?› ብያታለሁ።» እጁን ሊስም ጎንበስ አለ። ዶክተሩም አሳመ።

ወረፋው ሊደርሰው ሁለት ወር ሲቀረው ብረቱ ሞተ። በቀብሩ ላይ ስለ ትጋቱ የተናገረው ማን ይመስላችኋል? እሱው ነዋ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ሚስማሩን ሊነቅል ግን አልደፈረም። ባጁ ቦታውን ቢቀይር የሁሉም ቁጥር በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ሣጥኑን ደግሞ ከመንግሥት የጨረር ተቆጣጣሪዎች በቀር ማንም እንዲነካ አይፈቀድም፤ እነሱ ከተጠሩ የሁለት ዓመቱን መዝገብ ያገላብጣሉ። ስለዚህ ሚስማሩንም ሣጥኑንም እንዳሉ ተዋቸው።

ወር ሳይሞላ ሚስቱ «የወንድሜን ቦታ ባዕድ አይያዘው» አለችው። «ልጃችን ተመርቃለች። እሷ ትግባበት።»

«ሌላ የተሻለ ቦታ እፈልግላታለሁ» አለ እየተርበተበተ።

«ምን ጎደለው? ንጹሕ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት ልጁ የአጎቷን ካፖርት ለብሳ፣ ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ሣጥኑን ተደግፋ ተቀመጠች። እሱ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሊነግራት ደረጃውን ይወርዳል፤ በር ላይ ሲደርስ ይመለሳል።

የማንበቢያው ቀን ደረሰ። ስድስቱን ባጆች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የእሷን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ስድስተኛውን አነበበና ቀነሰ።

«አባዬ፣ ስንት ወጣልኝ?» አለችው ከትከሻው በላይ እያየች።

«ዜሮ ነሽ፣ ልጄ» አላት።