ኩርፊያና ወተት

እኔና አስናቀ የተኳረፍነው በልጃችን ስም ነው። እሱ የእናቱን ስም «እታገኘሁ» አለ፤ እኔ ደግሞ ከአገሬ ከሸዋ ርቄ የወለድኳት ስለሆነች «ሸዋዬ» አልኩ። ዘመኑ ስልሳ ሦስት ነው፤ አሰላ ከመጣን ገና ዓመታችን። እሱ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ እኔ የእልህ አስተማሪ! አንገቴን ቢቆርጡኝ ቀድሜ አላናግረውም ብያለሁ። እሱም እንደዚያው። ግድ ሲሆን የምንነጋገረው ገና አፏን ባልፈታችው ልጃችን በኩል ነው።

«ለእናትሽ ወጡ ጨው የለውም በያት።»

«ለአባትሽ ጨው የት እንዳለ ታውቃለህ በይው።»

ከዚያ ወተቴ እምቢ አለ። ጡቴ ሞልቶ ተወጥሯል፣ ልጄ ግን ትስባለች፣ ትስባለች፣ ታለቅሳለች። ጎረቤቴ ዘይቱና አብሹን አጠጣችኝ፣ የገብስ አጥሚቱን ጋተችኝ፤ ጠብ የሚል የለም።

«የኔ ላም እንኳ ሲከፋት ወተቷን ትይዛለች። ምን ሆነሽ ነው፣ ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ?»

«ምንም» አልኳት። ኧረ ምንም! ልጄ እየከሳች ነው፤ ፈርቻለሁ። ግን አኩርፌያለሁ።

እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አስናቀ መኝታ ቤት ሆኖ የነገውን ትምህርት ጮክ ብሎ ይለማመዳል። ዱሮ አድማጩ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግድግዳው ነው።

«ተማሪዎች፣ እጢ ማለት የሴሎች ሰፈር ነው። ጡት ውስጥ ወተት የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ ዙሪያቸውን ደግሞ የሚጨምቁ አሉ። ልጅ ሲጠባ ከአንጎል መልእክት ይመጣል፤ እነዚያ አብረው ይጨምቃሉ፣ ወተቱ ይወርዳል። እናት ከተናደደች ግን መልእክቱ ይቀራል። ሴል ከሴል ካልተነጋገረ...»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! የራስህን ቤት ትተህ የሴል ኩርፊያ ታስተምራለህ?»

ጋቢውን እየጎተተ ብቅ አለ። «አናገርሽኝ!»

«አላናገርኩህም፣ ሰደብኩህ!»

ሳቅ ያዘው፤ እኔንም ያዘኝ። ስንንከተከት ደረቴ ላይ ሙቅ ነገር ተሰማኝ፤ ቀሚሴ ርሷል።

«ወረደ! አስናቀ፣ ወረደ!»

ልጄን ሮጦ አምጥቶ አስታቀፈኝ። ጉንጯን ሞልታ ስትውጥ ድምፁ ይሰማል። ሁለታችንም አለቀስን።

ጠግባ ስትተኛ ጎንበስ ብሎ አያት። «ሸዋዬ ጠገበች» አለ ቀስ ብሎ።

የኔም ልብ ርሶ ነበር። «የለም፣ እታገኘሁ ናት።»

«ሸዋዬ ናት አልኩሽ እኮ!»

«እታገኘሁ ናት!»

ተፋጠጥን። ድንገት ዓይኑ በወተት በራሰው ቀሚሴ ላይ አረፈና ደነገጠ።

«ኧረ በማርያም፣ እንዳታኮርፊ! እንዳልሽ ይሁን።»

እንዳልኩት ሆነ፤ ልጄ እታገኘሁ ተባለች።