የአንዳርጌ የወንፈል ቀን

…ይመጣሉ እንጂ፣ ለምን ይቀራሉ፣ ወንፈል እኮ ነው፣ የወንፈል ብድር አባት ቢሞት ልጅ ይመልሰዋል፣ አንዳርጌ ማሳው ዳር ቆሞ ማጭዱን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል፣ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም፣ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ሩዙ ደግሞ ከልኩ በላይ ደርቋል፣ ሲነኩት ይረግፋል፣ ሁለት ቀን ካደረ የወፍ ነው፣ የዓመት ጉርሱ ይሄው ነው፣ ሌላ የለውም። ዘጠኝ ቀን ለዘጠኝ ሰው አጭዷል። ለቢሻው ወገቡ እስኪቆረጥ፣ ለአበረ ውሃው ገና ባልሸሸ ማሳ ጭቃ ውስጥ፣ ለአበልጁ ለገበያው ሳይቀር። አበልጄ በርታ ይለው ነበር ገበያው፣ እሱ ምስጢሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ያጭዳል።

ምን ያድርግ ታዲያ። የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ዘበኛ ነው፣ በዓይኑ አይቷል፣ ንብረት ያዡ ገበያው ምርጡን ዘር በጓሮ አውጥቶ በዚያው ጆንያ የከረመ የወፍጮ ቤት ሩዝ ሲሞላ፣ በሰማያዊ ክር መልሶ ሲሰፋ፣ የፋብሪካው ክር ግን ነጭ ነበር። ዝም ቢልስ፣ አምናም ዝም ብሎ ነበር፣ አምና የጎረቤቱ የአሰፋሽ ዘር መሬት ውስጥ በስብሶ ቀረ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ አንበሳሜ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች፣ ያን አይቶ እንዴት ይችላል፣ ግንቦት ላይ ወረታ ገብቶ ለወረዳው ተናገረ፣ አይዞህ ስምህ አይወጣም አሉት፣ ዘሩ በጊዜ ተቀየረ፣ አገሩ ዘርቶ አሸተ።

ነገሩ ሲጣራ ከረመ። ገበያው የታሰረው ገና ባለፈው ሳምንት ነው፣ በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ፣ ከወረታ የመጣው ኃላፊ ማይክ ይዞ፣ ይህን ጥቆማ የሰጠን ጀግናችን አንዳርጌ ይነሳልን፣ የምስጋና ወረቀት፣ አጨብጭቡለት። ያጨበጨበው ራሱ ኃላፊው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው በግማሽ አፍ ነው፣ ጆሮ ጠቢ፣ የአበልጁን ቤት ያፈረሰ፣ ዛሬ እሱን ነገ እኛን ይላሉ፣ ቢሻው እንኳ፣ ዘሩ የተቀየረለት ቢሻው፣ ልክ ነህ፣ ግን አበልጅህ ነው አለው። አሰፋሽስ ጎረቤቱ አይደለችም ወይ፣ ይህን ማን ይጠይቅለት።

ቤት ሚስቱ ዙፋን የዘጠኝ ሰው ምሳ ሠርታ ተቀምጣለች። ምን ብሏት ይገባል። ብቻውን ቢያጭድ አይደርስም። ሁለተኛ ቢያይ ይናገራል ወይ፣ አይናገርም፣ አፉን ይሰፋል፣ ይናገራል፣ እንጃ፣ ተከፍቷል፣ በጣም ተከፍቷል።

አንድ ሰው ከመንገዱ ይታጠፋል። ሴት ናት። ማጭድ ይዛለች። አረማመዷን ያውቀዋል፣ ገላነሽ፣ የገበያው ሚስት፣ የልጁ የክርስትና እናት፣ ልትረግመው ነው፣ ትርገመው፣ እሷ እንኳ መብት አላት። ትደርሳለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃለች፣ ፊቱን አታየውም።

«የአንድ ቀን ወንፈል አለብን» ትላለች። «ይቅር አላልሁህም። ሩዙ ግን ምን አጠፋ።»

አበልጄ ሊል ይፈልጋል፣ እሷ ግን ዞራ በማዶው ጫፍ ትገባለች፣ ታጎነብሳለች፣ የማጭዷ ድምፅ ይሰማዋል፣ እሱም በዚህኛው ጫፍ ይገባል፣ እንባው ሩዙ ላይ ይወርዳል፣ መንገዱን አያይም፣ ያጭዳል፣ እሷም ታጭዳለች፣ መሃል ላይ ሲገናኙ ምን ይላታል፣ ገና ነው፣ ሰፊ ነው ማሳው፣ እስከዚያ…