ዝናብ የመታው ሰማያዊ ብርድ ልብስ

አሮጊት አየሁ ያለችውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥርላታል? ለገዛ ልጇ እንኳ ዓይኗ የከዳት፣ ምላሷ ብቻ የተረፋት ሴት ናት። የጀልባ ነጂው እናት ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ብትጮህ ብትጮህ ሰሚ አጣች።

«የአክስትህ ብርድ ልብስ ማዶ ውጭ አድሯል እያልኩህ ነው!»

«እማዬ፣ ዓይንሽ ነው» አላት ልጇ፣ በረንዳው ላይ የጀልባውን ሞተር በዘይት ጨርቅ እየወለወለ። «ድንጋይ ይሆናል።»

«ድንጋይስ ያንተ ጭንቅላት!»

ወንዙ ከላይ ስንት አገር አቋርጦ ይመጣና እነሱ መንደር ሲደርስ ድንበር ይሆናል፤ ወዲህ አንድ አገር፣ ወዲያ ሌላ አገር። ከዚያ ደግሞ እሷ ወደማታውቃቸው ሰዎች ይወርዳል። ታናሽ እህቷ ባል አግብታ ማዶ ከሄደች ወዲህ እዚያው ቀርታለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ርቀዋል። ሁለቱም እህትማማቾች ፊደል አልቆጠሩም፣ ስልኩም እንደልብ አይሠራም፤ የሚነጋገሩት በልብስ ነው። ታናሽየዋ ጠዋት ከቤቷ በታች ካለው አለት ላይ ነጭ አንሶላ ከዘረጋች፣ ደህና አድራለች ማለት ነው። ታላቅየዋም በዚህ በኩል ነጭ ትሰቅላለች። ሰማያዊው ብርድ ልብስ ከወጣ ግን «ታምሜያለሁ፣ ድረሽልኝ» ነው።

አንዴ ሰማያዊው ታይቶ፣ ልጇን ከአልጋው ጎትታ እያለቀሰች ተሻገረች። እህቷን ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘቻት። ለካ ብርድ ልብሱን ትኋን ገብቶበት፣ ፀሐይ እንዲመታው ብላ ነው ያወጣችው! ከዚያ ወዲህ የወደቡ ሰው ባገኛት ቁጥር «ትኋኑ ደህና ነው ወይ?» ይላታል።

አሁን ደግሞ ጀልባ አይሻገርም። የላይኞቹና የታችኞቹ መንግሥታት ውሃውን ማን ምን ያህል ይውሰድ በሚል ተኳርፈው መሻገሪያው ተዘግቷል።

የራሷን ሰማያዊ ብርድ ልብስ በብብቷ ያዘችና ተነሳች።

«ሞተሩን ተሸከምና ተከተለኝ።»

ልጇ አምኗት ሳይሆን ጩኸቷን ሽሽት፣ ሞተሩን ትከሻው ላይ አድርጎ እያጉረመረመ ተከተላት። ወደቡ ሲደርሱ ተቆጣጣሪው ከቆርቆሮ ክፍሉ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ዛሬም ትኋን ነው?»

«ሳቅ፣ ጥርስህ ሳይረግፍ።»

«መሻገር ክልክል ነው። ስልክ ይደውሉላት።»

«ደወልን። አንዲት ሴትዮ ‹አሁን ማግኘት አይቻልም› ትላለች። እሷን መልኳን ሳታዩ ታምኗታላችሁ፤ እኔ ፊታችሁ ተገትሬ አታምኑኝም።»

ተቆጣጣሪው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እናቴ፣ ይሄ ወንዝ የስንት አገር ሕይወት ነው። እርሻው በሱ፣ መብራቱ በሱ፣ ዓሣው በሱ። በኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም።»

«ሕይወት መሆኑን ለኔ ልትነግረኝ? ጠጥቼው አይደል ያረጀሁት! እሷ ከዚያ ትቀዳለች፣ እኔ ከዚህ እቀዳለሁ፤ ያኖረን አንድ ውሃ ነው። አገር ትልቅ ነው፣ ተኳርፎም ለመታረቅ ጊዜ አለው። እኛ የለንም።»

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ትናንት ጠዋት ሰማያዊውን አወጣችው። እኔም መሳቂያ መሆን ሰልችቶኝ፣ ትኋን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሲመሽ አላስገባችውም። ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርደው አደረ። እህቴ እኮ ደመና ገና ከሩቅ ስታይ ልብሷን የምትሰበስብ ሴት ናት። ብርድ ልብሷ ዝናብ ሲጠጣ እያየች እንዴት ዝም ትላለች?»

መጀመሪያ ወደ ማዶ የዞረው ልጇ ነው። የጠዋቱ ጉም ተገፏል። ሰማያዊው ብርድ ልብስ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ከአለቱ ተንሸራቷል፤ ጫፉን ወንዙ ይጎትተዋል። ልጅ ሳለ፣ አንዲት ጠብታ ስትወርድ አክስቱ «ልብስ! ልብስ!» እያለች ከምድጃ ተነስታ ስትሮጥ ያያት ነበር። ሞተሩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«የጀልባ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ እማዬ» አለ። ስለ ዓይኗ ግን ደግሞ አላነሳም።

እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጀልባው ውስጥ ገባች። የማዶ ጠባቂዎች ከሩቅ እንዲያዩት ሰማያዊ ብርድ ልብሷን ጀልባው አፍንጫ ላይ ዘረጋችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ ሞተሩን እሰር» አለችው ልጇን። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ቀና አለች።

«አንተ ደግሞ ያን ሬዲዮህን አንሳ። ለማዶው ባልደረባህ፣ ‹አንዲት አሮጊት እህቷ ዘንድ እየመጣች ነው፤ እንዳትተኩሱባት፤ እስክትደርስ ሄዳችሁ የእህቷን በር አንኳኩላት› በለው። ምን ታፈጥብኛለህ? አንሳው እንጂ!»