ግድግዳው ሳሳ ያለ ቤት

አፓርታማ ልከራይ ነው ያላችሁ እንደሆነ ሰው ሁሉ መካሪ ይሆናል። ውኃው እላይ ፎቅ ድረስ ይወጣል ወይ? ሊፍቱ ይሠራል ወይስ ለጌጥ ነው የቆመው? ጄኔሬተሩ የሚያጓራው በማን መስኮት ሥር ነው? ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል ወይ? ሁሉም ደግ ምክር ነው። እህቴ ግን የመጨረሻዋን ጥያቄ ገልብጣ ነበር የምትጠይቀው። ከሞተች ወዲህ ቤት ፈላጊ ባየሁ ቁጥር ትዝ እያለችኝ፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ ይመጣል። ሐዘንተኛ ብቻዋን ስትስቅ ያየ ሰው ደግሞ ይደነግጣል። ስለዚህ ምን እንደሚያስቀኝ ልንገራችሁ።

እትዬ ነበር የምላት። እናታችን ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል ስታስተምር የጠመኔው ብናኝ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ቀለሰ። "ደረቴ ውስጥ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ አለ" ትል ነበር። አስሙ የተነሳባት ቀን፣ ያ አንድ ክፍል ሕፃን በአንዴ ቀጥ የሚያደርግ ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። ታፏጫለች እንጂ አትናገርም።

ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ልትኖር ስትመጣ፣ የነበርኩባት አንድ ክፍል ለሁለት አልበቃ አለችንና ቤት ፍለጋ ወጣን። እኔ መነጽር ቤት መስታወት እቆርጣለሁ፤ ጠዋት የወጣሁ ማታ ነው የምገባው። እሷ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ልትውል ነው። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮናል፤ ሲነሳባት ሰው ቶሎ ከደረሰላት ትተርፋለች፣ ካልደረሰላት የለችም። ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል። ደውላ ምን ትበል? ታፏጭ?

"እኛ የምንከራየው ጎረቤት ነው" አለችኝ። "ቤቱ ምርቃት ነው።"

"ጎረቤት እንዴት ይጎበኛል እትዬ? ቤቱን እንጂ ሰዉን ማን ያሳየናል?"

"እኔ አሳይሻለሁ። ብቻ ስሰድብሽ እንዳትቀየሚ።"

ደላላችን ጫማው ሹል፣ ምላሱ ከጫማው የሾለ ሰው ነበር። መጀመሪያ የወሰደን ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሕንፃ ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ሊፍቱ ሙዚቃ ያሰማል። ሰውየው ግድግዳውን በመዳፉ እየጠበጠበ፣ "ይኼ ነው ግድግዳ! በመዶሻ ቢደበደብ ጎረቤት አይሰማም። እዚህ ውስጥ ሰው ቢታረድ የሚያውቅ የለም!" አለን።

"አይ፣ እኔ እንኳ ስታረድ ቢታወቅልኝ ደስ ይለኛል" አለች እህቴ።

ከዚያ የውኃውን ቆጣሪ አይተህ ና ብላ ሰደደችውና ወደ እኔ ዞረች። ወገቧን ያዘች። "አንቺ ሌባ!" ብላ ጮኸች። ድምፁ በባዶው ሳሎን ተወርውሮ ተመልሶ መጣ። ነገሩን መንገድ ላይ አስረድታኝ ነበር። "ድረሱልኝ ብለሽ ብትጮሂ ሰው በሩን ይቆልፋል፤ ጠብ የሰማ እንደሆነ ግን ይከፍታል። የሰው እግር ለእርዳታ ከባድ ነው፣ ለወሬ ግን ላባ ነው" ነበር ያለችኝ። እኔም የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ "ማን ነው ሌባ!" እያልኩ ተውረገረግሁ። ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተሰዳደብን። የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዘበኛው። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "ቴሌቪዥኑን ቀነስ አድርጉት" ብሎን ሄደ። ቤቱ ውስጥ እንኳን ቴሌቪዥን ወንበርም አልነበረም።

ሁለተኛው ሕንፃ ላይ ሰዎች በርግጥ ወጡ። ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉና ስልካቸውን ወደ እኛ ደገኑ። አንዱማ "ትንሽ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በሉ" አለን። እህቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸውና ደረጃውን ወረደች።

ደላላው ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። ሦስተኛውን ያሳየን እንኳ በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ነው። ሰማያዊ ቀለሙ እንደ ቅርፊት የሚላላጥ፣ ሊፍቱ ውስጥ የመጥረጊያ ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ውኃ በጀሪካን ተሸክመው የሚወጡበት አሮጌ ሕንፃ ነው። ደላላው ክፍሉን ከፈተልንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዳልደብቃችሁ፣ ግድግዳው ትንሽ ሳሳ ይላል" አለ።

"ሰምቼሃለሁ!" አለ ከወዲያ ማዶ የሴት ድምፅ።

የእህቴ ፊት በራ። ደላላውን ቶሎ ብላ ወደ ቆጣሪው ሰደደችው። እኔ እንደ ወትሮው "ሌባ" እስክባል ስጠብቅ፣ እሷ ለካ ሌብነቱ ሰልችቷት ኖሯል።

"አንቺ ባሌን የነጠቅሽ!" ብላ አፈነዳችው።

እህቴ ባል አግብታ አታውቅም። እኔም ብሆን ቆሜ ነው የቀረሁት። "ምን ባል?" አልኳት፣ ከልቤ።

"ጭራሽ ምን ባል ትለኛለች! ሰማችሁልኝ? አዝዬ ባሳደግኳት! በዚህ ጀርባ!"

ጀርባው እውነት ነው፤ ምን ይደበቃል። ሳቄ መጣና ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አልኩ። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። በዚህ መሐል በሩ ተበረገደ። ያቺ ከወዲያ ማዶ የተናገረችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ በከንፈሯ መርፌ ነክሳለች። ከኋላዋ ከላይ ፎቅ የወረዱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅነው።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን ደረቷ ላይ ሰክታ መሐላችን ገባች። እህቴን ደግፋ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሮጣ ውኃ አመጣችላት። ለእኔ አላመጣችልኝም።

"ቀስ በሉ፣ አትጋፉ፤ አንድ ባንድ ተናገሩ" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አረፋቸውን እየጠረጉ፣ "አንቺ ልጅ፣ አገሩ ሙሉ ወንድ እያለልሽ የእህትሽን ባል?" አሉኝ።

ከሻርፔ ሥር ሲቃ የሚመስል ነገር አመለጠኝ።

"እንኳን አለቀስሽ" አሉ። "ለመሆኑ ሰውየው የታለ?"

እህቴ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። "ሄደ፤ ሁለታችንንም ጥሎ ሄደ" አለች።

"አቤት ወንድ!" አለች ልብስ ሰፊዋ እጇን አጨብጭባ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ደላላው ይኼኔ ነው የተመለሰው። ያን ሁሉ ሰው፣ የእኔን መሸፋፈን፣ የእህቴን ዓይን መቅላት ሲያይ፣ ነገሩ ተበላሸ ብሎ ቁልፉን ኪሱ ሊከት ነበር። እህቴ እጇን ዘረጋችለት። "ወስደነዋል" አለችው።

ገባን። ጎረቤቶቻችን ለእህቴ ማር፣ ለእኔ ኮሶ ሆኑ። ጋሼ ሹፌሩ እሷን ሲያገኙ ኮፍያቸውን ያነሳሉ፤ እኔን ሲያዩ ሰዓታቸውን ያያሉ። የእሷ ጀሪካን ማን እንደተሸከመው ሳይታወቅ በራችን ላይ ተገትሮ ይገኛል፤ የእኔ ታች በረንዳው ላይ ያድራል። ልብስ ሰፊዋ ትርፍ ቁልፋችንን ተቀበለች። "መምህር፣ ከእኔ ጋ ይሁን፤ በዚች ልጅ ላይ እምነት የለኝም" ያለቻት ፊት ለፊቴ ነው።

"ኧረ እውነቱን እንንገራቸው" አልኳት እህቴን።

"አብደሻል? ሁለት እህትማማች ተፋቅረው ይኖራሉ ከተባለ ማን ጆሮውን ይሰጠናል? ሰላም ያለበት ቤት እኮ ወሬ የለውም።"

"ስሜ ጠፋ እኮ እትዬ!"

"ስም ምን ያደርግልሻል? ይልቅ ከመተኛታችን በፊት ትንሽ ተቆጪኝ። ሳህን ነገር ብታስቀምጪ ጮክ አድርገሽ አስቀምጪ።"

እውነቷን ነበር። ልብስ ሰፊዋ እኩለ ቀን ላይ፣ "ያቺ ልጅ ምሳ አስቀምጣልዎታለች?" እያለች ብቅ ትላለች። ጋሼ ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ። እህቴም እንግዳዎቿን ባዶ አፋቸውን አትሸኝም፤ ባልየውን ቆንጠር እያደረገች ታቀምሳቸዋለች። መጀመሪያ ጢም አበቀለ። ቀጥሎ የእንጨት ነጋዴ ሆነ። ሲያንኮራፋ መስኮት ያርገፈግፍ ነበር ተባለ። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሆኜ፣ ሲታጠብ ይዘፍን እንደነበር በግድግዳው ሰማሁ። እኔ የነጠቅሁትን ሰው ጠባይ እኔው ከሁሉ በኋላ ነበር የምሰማው። እውነቴን ነው፣ ሰውየው እያደር እያስጠላኝ መጣ።

ከዚያ የተፈራው ቀን ደረሰ። ያየችውን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። ክር ልትቀይር ማሽኗን ስታቆም፣ በግድግዳው በኩል ማንኪያ ነገር ቀስ ብሎ ሲመታ ሰማች። ቁልፏን ይዛ ሮጠች። እህቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ታፏጫለች። ጋሼ ሹፌሩ ተጠሩ። መድኃኒት መንፊያዋን አፏ ላይ ያዙላት፤ በዚያ በደካማ ወገባቸው አዝለዋት ደረጃውን ወረዱ፤ መንገድ መሐል ቆመው አላፊ መኪና በግንባራቸው አስቆሙ። "አርባ ዓመት ለሰው ቆሜአለሁ፤ ዛሬ ሰው ለእኔ ይቁም!" እያሉ ይጮኹ ነበር አሉ።

እኔ ሆስፒታል ስደርስ እህቴ አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ተደርጎላት ተኝታለች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ እጁን አወናጨፈ። ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ልትበላኝ ደርሳ፣ "የት ነበርሽ?" አለችኝ። እህቴ ከጭምብሉ በላይ ጠቀሰችኝ። ላንቃትም ልስማትም አማረኝ፤ አንቆ መሳም የሚባለው የዚያን ቀን ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረችልኝ። ለእኛ ያ ዕድሜ ሁሉ ትርፍ ነበር። ማንኪያውም ደጋግሞ ጮኸ፤ ሰውም ደጋግሞ ደረሰ። በመጨረሻ ግን ልቧ ደከመ። ለልብ ደግሞ ጎረቤት አይደርስለትም። ባረፈችበት ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አንድ እጇን እኔ፣ አንዱን ልብስ ሰፊዋ ይዘናል። ጭምብሏን ገለጥ አደረገች። አሁንስ ነጻ ልታወጣኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

"ይቅር ብያታለሁ" አለች ለልብስ ሰፊዋ፣ ቃል ቃሉን እየለቀመች። "አደራ፣ እናንተም ይቅር በሏት።"

ይህን ስትል እጄን ጨመቅ አደረገችው። ሳቅና ልቅሶ ተጋፍተው እኔን ሊገድሉኝ ነበር።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። ጎረቤት ሁሉ በየተራ እየመጣ አቀፈኝ፤ እያቀፈም ይቅር አለኝ። ውኃዬን ታች ሲያሳድር የነበረ ሁሉ ጀሪካኔን ተሸክሞ መጣ። ጋሼ ሹፌሩ አጠገቤ ተቀምጠው፣ "በቃ ልጄ፣ ያለፈው አለፈ። እሷ ይቅር ካለች እኛ ማን ነን?" አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ሰውየው ግን መርዶው ደርሶታል?" አሉ።

ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ሰውየው የለም! ኖሮም አያውቅም! ስንጮህ የሚመጣ ጎረቤት ስንፈልግ እትዬ የፈጠረችው ነው! እሷም እኔም ባል የሚባል አላየንም!"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

"ተዉአት" አለች ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን እየጠረገች። "ሐዘኑ ነው። ካልካደችው እንዴት ትችለዋለች?"

"ጢም ያለው ሰው እንዴት የለም ይባላል?" አሉ ጋሼ ሹፌሩ በትካዜ። "ዘፈኑን ሳይቀር ነግራኝ የለም እንዴ!"

እህቴ ከሞት ወዲያ ሆና ረታችኝ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ መነጽር ቤቱ ዕረፍት ሰጥቶኝ ስለነበር ቤት ዋልኩ። ቀን ቀን እሷ ብቻዋን የምትውልባትን ክፍል ያን ጊዜ ነው ያወቅኋት። መስኮቱ የሚያየው የማዶውን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ከሥር የእግር ኮቴ፣ ከጎን የስፌት ማሽን፣ ከላይ የወንበር ጉተታ ይሰማል። አልጋዋ ላይ ተደፋሁና ሰው እንዳይሰማኝ ትራሷን ነክሼ አለቀስኩ።

"እንዲህ ታፍኖ አይሆንም" አለ ከግድግዳው ማዶ። "ማልቀስ ከሆነ ጮክ ብለሽ አልቅሺ። ወይስ ልምጣ?"

"ነይ" አልኳት።

"እኔስ ልውረድ?" አሉ ጋሼ ሹፌሩ ከጣሪያው በላይ።